የዕብራውያን ስሞች ትርጓሜ በጅጅጋና በደምበል አገር

ስም ሰውን ከሰው ለይተን የምንጠራበት ምልክት መሆኑን ማንም ያውቀዋል። በዕብራውያን ዘንድ ግን ስም ከዚህ የበለጠ ሥራ ነበረው። እናት ወይም አባት፣ ልጁ በተወለደበት ሰዓት ያገኛቸውን ኀዘን ወይም ደስታ፣ የተሳሉትን ስእለት ወይም ያቀረቡትን ምስጋና በአንዲት ቃል አስረው በልጁ ላይ ያኖሩት ነበር። ልጁም አድጎ አርጅቶ እስኪሞት ድረስ ያችን ሰዓት ተሸክሞ ይኖራል፤ በተጠራም ቍጥር ያባቱና የናቱ ጸሎት ይታሰባል። ስለዚህ የብሉይ ኪዳንን መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ስሞቹን ዝም ብሎ ቢያልፋቸው፣ ከታሪኩ ብዙውን ክፍል ሳይሰማ እንዳለፈ ይቍጠረው።

ይህን ነገር ለመመርመር እስከ ኢየሩሳሌም መሄድ አያስፈልግም። ሰው ከድሬዳዋ ተነሥቶ በሽንሌና በደምበል ቆላ ቢያልፍ፣ ወይም በሐረርና በባቢሌ አድርጎ የከረማርዳን በር ተሻግሮ ጅጅጋ ቢገባ፣ የዕብራውያን ስም በየገበያው ሲጠራ ይሰማል። ጅጅጋ በ1910 ዓ.ም. ግድም ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም አገረ ገዥ ሆነው መንገዷን በቀጥታ መስመር ካስያዟት ወዲህ፣ የደጋው ነጋዴና ወታደር ከቆላው ከብት አርቢ ጋራ ጎን ለጎን የኖረባት ከተማ ናት። በዚያ ክርስቲያኑ ልጁን አብርሃም ሲል፣ ሶማሌው ጎረቤቱ ኢብራሂም ይላል። ይህ ይስሐቅ ሲል ያ ኢስሓቅ፣ ይህ ዳዊት ሲል ያ ዳውድ፣ ይህ ዘካርያስ ሲል ያ ዘከሪየ ይላል። ሙሴን ብቻ ሁለቱም ወገን አንድ አድርገው ሙሴ ብለው ይጠሩታል። የሁለት ቤት እናቶች በአንድ ሰፈር ሙሴ ብለው ቢጣሩ የየትኛዋ ልጅ እንደ ተጠራ አይለይም።

እነዚህ ስሞች ከአንድ ምንጭ ወጥተው በሁለት መንገድ መጡልን። ለሶማሌው የመጡለት በዐረብኛ፣ ከቍርዓን ጋራ ነው። ለኛ ግን የግእዙ መጽሐፍ ቅዱስ የተመለሰው ከጽርእ ቋንቋ ስለ ሆነ፣ ብዙዎቹ ስሞች የጽርእን ልብስ ለብሰው ገቡ። ኢሳይያስና ኤርምያስ በመጨረሻቸው ያለችውን «ስ» ያገኙት ከጽርእ ነው። የነዌ ልጅ ኢያሱና መድኃኒታችን ኢየሱስ በዕብራይስጥ ስማቸው አንድ ሲሆን፣ ይኸውም «እግዚአብሔር ያድናል» ማለት ሲሆን፣ በኛ አፍ ሁለት መስሎ የሚሰማው ስለዚህ ነው። ነገር ግን ጽርእ «ሐ»ን እና «ዐ»ን የሚጽፍበት ፊደል ሳይኖረው፣ በግእዝ ይስሐቅ በሐ፣ ያዕቆብም በዕ ተጽፈው መገኘታቸው፣ አባቶቻችን ከጽርእ ሌላ ዕብራይስጥን ወይም ሱርስትን የሚያውቅ ሰው ሰምተው እንደ ነበረ ያስረዳል።

ስለ ስሞች ትርጓሜ መመርመርም የቆየ ትምህርት ነው። የእስክንድርያው ፊሎን በ1ኛው መቶ ዓመት የኦሪትን ስሞች እየፈታ ምሥጢር ያወጣባቸው ነበር። ሄሮኒሞስም በ4ኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ በቤተ ልሔም ተቀምጦ፣ ዕብራይስጥን ከአይሁድ መምህራን ተምሮ፣ ስለ ዕብራውያን ስሞች ትርጓሜ ራሱን የቻለ መጽሐፍ አዘጋጀ። በኛም አገር የአንድምታ መምህራን ስም በተነሣ ቍጥር «ብሂል» እያሉ ፍችውን ሳይናገሩ አያልፉም፤ ቤተ ልሔምን ቤተ ኅብስት፣ መልከ ጼዴቅን ንጉሠ ጽድቅ እያሉ ያስተምራሉ። ዳዊት የደገመ ተማሪ ሁሉ ደግሞ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል፣ ዳሌጥ የሚሉትን የዕብራይስጥ ፊደላት ስም በመቶ ዐሥራ ስምንተኛው መዝሙር ላይ ያውቃቸዋል።

በዚህ ሥራ ከሁሉ ይልቅ የደከሙት ሊቅ ለደምበል አገር ጎረቤት በሆነችው በድሬዳዋ የተቀመጡት አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ናቸው። እኒህ ሊቅ በኢየሩሳሌም ብዙ ዘመን ተቀምጠው ዕብራይስጥንና ሌሎቹን የሴም ልሳናት ተማሩ። መምህራቸው መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ጀምረው የተዉትን የግእዝ መዝገበ ቃላት ተቀብለው ዕድሜያቸውን በርሱ ላይ ጨረሱት። በድሬዳዋ ሳሉም የሕዝቅኤልን ትንቢት ንባቡን በግእዝ፣ ትርጓሜውን ባማርኛ አድርገው በ1916 ዓ.ም. አሳተሙ። ትልቁ መጽሐፋቸው ግን በሕይወታቸው ሳለ አልታተመም፤ አደራውን የተቀበሉት ደስታ ተክለ ወልድ ከዕረፍታቸው በኋላ በ1948 ዓ.ም. ባዲስ አበባ አሳተሙት። በዚህ መጽሐፍ አለቃ ኪዳነ ወልድ ቃላቱን የደረደሩት በለመድነው በሀለሐመ ተራ አይደለም፤ እንደ ዕብራይስጡ በአበገደ ተራ ነው። በዚህም ግእዝና ዕብራይስጥ እኅትማማች ልሳናት መሆናቸውን በመጽሐፉ አቋም አስረዱ።

እኅትማማች መሆናቸው ለስም ትርጓሜ ምን ይጠቅማል ቢሉ፣ ግእዝ የሚያውቅ ሰው ብዙውን የዕብራይስጥ ስም ያለ አስተርጓሚ ይሰማዋል። ግእዙ ሰምዐ የሚለውን ዕብራይስጡ ሻማዕ ይለዋል፤ ስለዚህ ስምዖንና ይስማኤል «ሰማ» ከሚለው ግስ የወጡ ናቸው። ግእዙ ሠሐቀ፣ አማርኛውም ሣቀ የሚለው ቃል በይስሐቅ ስም ውስጥ አለ። ግእዙ ዘከረ የሚለው ቃል በዘካርያስ ስም ውስጥ አለ፤ ትርጓሜውም «እግዚአብሔር አሰበ» ነው። የኛ ካህን በጻድቃን መታሰቢያ የሚያደርሰው ዝክር፣ የጅጅጋ ሼኽ ከተከታዮቹ ጋራ የሚያዜመው ዚክር፣ የመጥምቁ ዮሐንስም አባት ስም ከአንድ ሥር የበቀሉ ሦስት ቅርንጫፎች ናቸው።

ነገር ግን በዚህ ሥራ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የድምፅ መመሳሰል ብዙ ሰው አስቷልና። ለምሳሌ በዕብራይስጥ «ኤል» ማለት አምላክ ማለት ነው፤ ሚካኤል፣ ገብርኤል፣ ዳንኤል የሚሉት ስሞች የሚያልቁበት ነው። በሶማሌ አገር ደግሞ ኤልከሬ እንደሚባለው በ«ኤል» የሚጀምሩ የቦታ ስሞች ብዙ ናቸው። ችኩል ሰው ይህን ሰምቶ ዕብራውያን በዚህ ነበሩ ብሎ ታሪክ ሊያቆም ይችላል። እውነቱ ግን በሶማሊኛ «ዔል» ማለት የውሃ ጕድጓድ ማለት ነው፤ ቦታው የተሰየመው ከብቱ በሚጠጣበት ውሃ ነው። እንዲሁም መጽሐፍ ሙሴን ከውሃ ስለ መውጣቱ እንደ ተሰየመ ሲናገር፣ የዛሬ ዘመን ሊቃውንት ስሙ በግብጽ ቋንቋ «ልጅ» ከሚለው ቃል ጋራ እንደሚገጥም ያስረዳሉ። ሐና ልጇን ሳሙኤል ያለችው ከእግዚአብሔር ለምኜ አገኘሁት ብላ ነው፤ የቋንቋ መርማሪዎች ግን ሳሙኤልን «ስሙ ኤል» ወደሚለው ያስጠጉታል። እንግዲህ አስተማሪ የሆነ ሰው ሁለቱን ነገር ለይቶ ይወቅ፤ አንዱ የቃሉ ሥር ነው፣ ሁለተኛው ስሙን ያወጣው ሰው በዚያች ሰዓት የተናገረው ነገር ነው። የሃይማኖት ትምህርት የሚገኘው ይልቁንም በሁለተኛው ነው፤ ሐና ለምና ማግኘቷ በሰዋስው ክርክር አይፈርስምና።

ይህን የመሰለ ስም አወጣጥ ለኛ እንግዳ አይደለም። አቤል ከሞተ በኋላ ሔዋን ሌላ ልጅ ብትወልድ በሞተው ፈንታ ተተካልኝ ብላ ሴት አለችው። የኛ እናት ልጅ ሞቶባት ሌላ ስትወልድ ምትኩ ወይም ካሣ ትለዋለች። ዮሴፍ በግብጽ አገር የበኵር ልጁን ምናሴ ያለው እግዚአብሔር ድካሜን ሁሉ አስረሳኝ ሲል ነው፤ በኛ ዘንድ የዚህ ስም ልኩ ማስረሻ ነው። ሶማሌውም እንዲሁ ያደርጋል፤ በዝናብ ቀን የተወለደውን ሮብሌ ይለዋል፤ ደስ የሚያሰኝ ነገር በተሰማ ጊዜ የተወለደውን ወርሰሜ ይለዋል፤ ይህም «መልካም ዜና» ማለት ስለ ሆነ ከኛ ብሥራት ጋራ ትክክል ነው። የሶማሌ ልጅ ደግሞ ገና በልጅነቱ ያባቶቹን ስም ከታች ወደ ላይ ብዙ ትውልድ ድረስ በቃሉ መቍጠር ይማራል። ማቴዎስ ወንጌሉን ከአብርሃም ጀምሮ በትውልድ ቍጥር ሲከፍት፣ የከተማ ሰው ይህን ክፍል አሰልቺ ነው ብሎ ይዘለዋል፤ የቆላው እረኛ ቢሰማው ግን አንዲትም ስም ባላስዘለለ ነበር።

ከነዚህ ስሞች ሁሉ ለዚህ አገር ቅርብ የሆነው ይስማኤል ነው። በመጽሐፍ ገና ሳይወለድ መልአክ ስም ያወጣለት የመጀመሪያው ልጅ እርሱ ነው፤ ከይስሐቅም ከዮሐንስም ከጌታችንም ይቀድማል። እናቱ አጋር ግብጻዊት አገልጋይ ነበረች፤ ከእመቤቷ ፊት ሸሽታ በምድረ በዳ በውሃ ምንጭ አጠገብ ሳለች መልአኩ አግኝቶ፣ እግዚአብሔር መከራሽን ሰምቷልና ልጅሽን ይስማኤል በዪው አላት። አጋርም በፈንታዋ ላነጋገራት አምላክ ስም አወጣችለት፤ የሚያየኝ አምላክ አለችው። ያም የውሃ ጕድጓድ በዚሁ ነገር ተሰየመ። እግዚአብሔርን በራሷ አንደበት እንዲህ የሰየመችው ነቢይ ወይም ንጉሥ ሳትሆን ከቤት የሸሸች አገልጋይ መሆኗን ልብ ማለት ይገባል። በደምበል ቆላ የበጋ ጸሐይ ጕድጓድ ፍለጋ የሄደ ሰው ይህን ታሪክ ከማንኛውም የከተማ አንባቢ ይልቅ ያውቀዋል።

ሌላም ያልተመረመረ ነገር አለ። በኦሪት ዘፍጥረት 21ኛው ምዕራፍ አጋር ከነልጇ ሁለተኛ ጊዜ ስትባረር፣ ውሃው ከአቍማዳው ሲያልቅ፣ ልጁንም ከቍጥቋጦ በታች ጥላው ስታለቅስ፣ ይስማኤል የሚለው ስም አንድ ጊዜ እንኳ አይነሣም። የግብጻዊቱ ልጅ፣ ብላቴናው፣ የባሪያይቱ ልጅ ይባላል እንጂ በስሙ የጠራው የለም። በቤት ያሉት ሰዎች ስሙን ትተውታል። ነገር ግን በዚያው ምዕራፍ እግዚአብሔር የብላቴናውን ድምፅ ሰማ ይላል፤ ይህም የስሙ ትርጓሜ ነው። ሰዎች ስሙን ቢተዉት እግዚአብሔር ፈጸመው። የስም ትርጓሜ ትምህርት ፍሬው በዚህ ይታያል፤ ስሙን የማያውቅ አንባቢ ይህን ነገር ሳያየው ያልፋልና።

ይስሐቅም ከዚህ የተለየ አይደለም። ሣቅ የተባለው በመጽሐፍ በሦስት ቦታ ስለ ተሣቀ ነው። አብርሃም በመቶ ዓመቴ ልጅ ይወለድልኛልን ብሎ ሣቀ፤ ሣራ በድንኳን ውስጥ ሆና ባለማመን ሣቀች፤ ከወለደች በኋላ ደግሞ በደስታ ሣቀች። እግዚአብሔርም የጥርጥሯን ሣቅ ልጇ እንዲጠራበት አደረገው፤ ነውሯ የነበረው ለምስጋና ተለወጠላት።

ስም ግን የተሸከመውን ሰው ከክፋት አይጠብቀውም። ታሪካችን ይህን ያስረዳል። በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የነገሡት ዐፄ ይስሐቅ በምሥራቅ ከነበሩት እስላሞች ጋራ ተዋጉ፤ ሶማሌ የሚለውም ስም በጽሑፍ ከሁሉ በፊት የተገኘው ለርሳቸው በተገጠመ የውዳሴ ግጥም ውስጥ መሆኑ ይነገራል። በዚያ ማዶ ደግሞ ከጅጅጋ ወደ ሐርጌሳ የሚወስደው አገር ነዋሪ ትልቁ የሶማሌ ነገድ በይስሓቅ ስም ይጠራል። «ይሥቃል» የሚለው ስም በሁለቱ ወገን ሲጠራ፣ በመካከላቸው የፈሰሰው እንባ ነበር። በ1521 ዓ.ም. በሽምብራ ኩሬ ጦርነት የተገናኙት ደግሞ የኢብራሂም ልጅ አሕመድና ዳዊት የተባሉት ዐፄ ልብነ ድንግል ናቸው። አብርሃም የብዙዎች አባት ማለት ነው፤ ዳዊት የተወደደ ማለት ነው። የብዙዎች አባት ልጅና የተወደደው በጦር ሜዳ ተገናኝተው ብዙ ቤት ፈረሰ፣ ብዙ መጽሐፍ ተቃጠለ።

ይህ የድሮ ነገር ብቻ አይደለም። ጅጅጋ በ1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ጦር ተይዛ በዚያው ዓመት በየካቲት ተመለሰች፤ በመካከሉ የደረሰውን ሽሽትና ሞት ያዩ ሽማግሌዎች ዛሬም አሉ። ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. ደግሞ በከተማዋ ሁከት ተነሥቶ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ካህናትና ምእመናን ተገደሉ፤ የብዙ ሰው ቤትና ሱቅ ተዘረፈ። በዚያን ቀን የሞተውም የገደለውም ከአንድ የስም መዝገብ የተጠራ ሰው ሊሆን ይችላል። እግዚአብሔር ይሰማል የሚል ስም ያለው ሰው የጎረቤቱን ጩኸት እንዳልሰማ ሆኖ ቢያልፍ፣ ስሙ ራሱ በርሱ ላይ ምስክር ይሆንበታል። በደሉ ግን የሠሪው እንጂ የስሙ ወይም የነገዱ እንዳይደለ ማወቅ ይገባል። አለዚያ እኛም ብላቴናውን ስሙን ትተን የግብጻዊቱ ልጅ ወደ ማለት እንመለሳለን።

ነቢዩ ሆሴዕም በዚህ ነገር መምህራችን ነው። እግዚአብሔር ልጆቹን ምሕረት ያላገኘች፣ ሕዝቤ ያልሆነ ብሎ እንዲሰይማቸው አዘዘው፤ የሕዝቡ በደል በልጆቹ ስም እንዲነበብ ነው። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ስሙ ተገልብጦ፣ ሕዝቤ ያልተባለው ሕዝቤ እንደሚባል፣ ምሕረት ያላገኘችውም እንደምትማር ተነገረ። ራሔልም ስትሞት ልጇን የኀዘኔ ልጅ ብትለው፣ ያዕቆብ ብንያም፣ የቀኜ ልጅ አለው። እንግዲህ በኀዘን የወጣ ስም በምሕረት ሊለወጥ እንደሚችል መጽሐፍ ፈቅዶልናል። ከተማም እንደ ሰው ናት፤ የክፉ ቀን ስም ቢወጣላት በበጎ ሥራ ልትለውጠው ትችላለች።

በየወገኑ ለልጅ ስም የሚወጣበት ቀን አለው። በአይሁድ ዘንድ በስምንተኛው ቀን ነው፤ ጌታችንም ኢየሱስ የተባለው በስምንተኛው ቀን ነው። እስላሙ በሰባተኛው ቀን ያወጣል፤ በኛም ዘንድ ወንዱ በአርባ፣ ሴቷ በሰማንያ ቀን ስትጠመቅ የክርስትና ስም ይሰጣል። በዚያ ሰዓት ካህኑ ስሙን ብቻ ተናግሮ ከሚያልፍ፣ ትርጓሜውንና ስሙ የወጣበትን የመጽሐፍ ታሪክ ለወላጆቹና ለክርስትና አባቱ በሁለትና በሦስት ቃል ቢነግራቸው ምንኛ ይጠቅማል። ሚካኤል የተባለው ልጅ ስሙ ጥያቄ መሆኑን፣ «እንደ እግዚአብሔር ያለ ማን ነው?» ማለት መሆኑን አውቆ ቢያድግ፣ በጎረቤቱ ነፍስ ላይ ፈራጅ ለመሆን እጁን ከማንሣቱ በፊት ስሙ ይጠይቀዋል።

የሁለቱ ወንድማማቾች ታሪክ በመለያየት አለመጨረሱንም ማስታወስ ያስፈልጋል። አብርሃም በሞተ ጊዜ ይስሐቅና ይስማኤል ተገናኝተው ባንድነት በመክፈላ ዋሻ ቀበሩት፤ መጽሐፍም ሁለቱን በየስማቸው ይጠራቸዋል። ከዚያም በኋላ ይስሐቅ መኖሪያውን ያደረገው መልአኩ አጋርን ባገኘበት፣ እርሷም እግዚአብሔርን የሚያየኝ ባለችበት በዚያ ጕድጓድ አጠገብ ነው። የተባረረችው እናት ያገኘችው ውሃ የእመቤቷን ልጅ አጠጣ። በጅጅጋም በደምበልም ጕድጓዱ ለሁለቱም ቤት አንድ ነው። የይስማኤል ስም ዛሬ የሚተረጐመው፣ ከዚያ ጕድጓድ አጠገብ ሰው ሲጮኽ ሰምቶ በሩን በሚከፍት ሰው ነው።